በባሕር ዳር የቤት ውስጥ መዋኛ ገንዳን በከርሰ ምድር የሙቀት ፓምፕ ማሞቅ፦ ከመለካት እስከ ማስነሣት

ይህ መመሪያ ለሆቴልና ለስፖርት ማዕከል ባለቤቶች፣ እንዲሁም ሥራውን ለሚረከቡ የቧንቧና የኤሌክትሪክ ባለሙያዎች ነው። ለጥገና ስጠራ የሚገጥመኝ ችግር ይመሳሰላል፦ ማሽኑ አዲስ ነው፣ ጉድጓዱ ተቆፍሯል፣ ብዙ ገንዘብ ወጥቷል፤ ውሃው ግን ጠዋት ጠዋት ቀዝቅዞ ይገኛል፣ ጣሪያው ያንጠባጥባል፣ ማሽኑም በየሰዓቱ ራሱን ያጠፋል። ሥራው የተሠራበት መመሪያ በረዶ ለሚጥልበት አገር የተጻፈ ነው። የባሕር ዳር መሬት ለብ ያለ፣ አየሩ ስስ፣ ክረምቱ እርጥብ ነው። እነዚህን ሦስቱን ሳይለካ ማሽን የገዛ ሰው ገንዘቡን በዕጣ ጥሏል።

በመጀመሪያ አንድ ግንዛቤ ይስተካከል። ጂኦተርማል (የከርሰ ምድር ሙቀት) ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው እንደ አሉቶ ላንጋኖ ያለውን የስምጥ ሸለቆ እንፋሎት ነው። ለገንዳ ማሞቂያ እንፋሎት አያስፈልግም። ከ10 ሜትር ጥልቀት በታች ያለ መሬት ዓመቱን ሙሉ ሙቀቱን አይለዋውጥም፤ ልኩም ከአካባቢው ዓመታዊ አማካይ የአየር ሙቀት ብዙ አይርቅም፣ በባሕር ዳር 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ማለት ነው። የሙቀት ፓምፕ የምንለው ማሽን ያንን ሙቀት ስቦ ወደ 35 ዲግሪ ከፍ ያደርገዋል። ፍሪጅ የውስጡን ሙቀት በጀርባው እንደሚያወጣው መሆኑ ነው።

በመመሪያው ውስጥ አንድ ምሳሌ ይዘን እንሄዳለን፦ 12 ሜትር በ6 ሜትር ስፋት፣ አማካይ ጥልቀቱ 1.4 ሜትር የሆነ፣ 100 ሜትር ኪዩብ ገደማ ውሃ የሚይዝ፣ በቀን 50 ሰው የሚዋኝበት ገንዳ። የራሳችሁን ቁጥር በቦታው እየተካችሁ ተከተሉ።

ደረጃ 1፦ ገንዳው በቀን የሚያጣውን ሙቀት አስሉ

ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል። እዚህም ከመግዛት ማስላት ይቅደም።

1. የመጀመሪያውን ማሞቂያ አስሉ። 100 ሜትር ኪዩብ ውሃን በ1 ዲግሪ ለማሞቅ 116 ኪሎዋት-ሰዓት ይጠይቃል። ከ20 ወደ 28 ዲግሪ ለማድረስ 930 ኪሎዋት-ሰዓት ገደማ ይሆናል። ይህ ወጪ የሚመጣው ገንዳው ሲሞላ ብቻ ስለሆነ የማሽኑን መጠን በእሱ አትወስኑ።

2. ትነቱን አስሉ። ትልቁ ኪሳራ ይኸ ነው። ውሃው 28፣ የአዳራሹ አየር 30 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 60 በመቶ ሲሆን ይህ ገንዳ ሰው እየዋኘበት በሰዓት 10 ሊትር ገደማ ይተናል። እያንዳንዱ የተነነ ሊትር 0.68 ኪሎዋት-ሰዓት ይዞ ይሄዳል። በ12 የሥራ ሰዓት ከ80 ኪሎዋት-ሰዓት በላይ ነው።

3. የሚተካውን ውሃ ጨምሩ። ለእያንዳንዱ ዋናተኛ 30 ሊትር አዲስ ውሃ ማስገባት ጥሩ ልምድ ነው። ለ50 ሰው 1,500 ሊትር፣ ከ20 ወደ 28 ዲግሪ ሲሞቅ 14 ኪሎዋት-ሰዓት።

4. የገላ መታጠቢያውን ጨምሩ። 50 ሰው እያንዳንዱ 40 ሊትር በ40 ዲግሪ ከተጠቀመ 46 ኪሎዋት-ሰዓት ይደርሳል።

5. በግድግዳና በሌሊት የሚጠፋው ሲታከል ጠቅላላው በቀን ከ160 እስከ 170 ኪሎዋት-ሰዓት ነው። ማሽኑ በቀን 16 ሰዓት ቢሠራ 10 ኪሎዋት ይበቃል። የአዳራሹን አየር ለማሞቅ እንደ ወቅቱ ከ3 እስከ 6 ኪሎዋት ስጡ። ስለዚህ ለምሳሌያችን 20 ኪሎዋት ሙቀት የሚሰጥ ማሽን በቂና ትንሽ መተንፈሻ ያለው ነው።

ገንዳው ቀድሞ ያለ ከሆነ ስሌቱን በባልዲ ፈትኑት። በገንዳው መውረጃ ደረጃ ላይ በገንዳ ውሃ የተሞላ ባልዲ አስቀምጡ፤ የባልዲውንና የገንዳውን የውሃ ከፍታ ምልክት አድርጉ፤ ውሃ የሚሞላውን ቫልቭ ዘግታችሁ ከ24 ሰዓት በኋላ ለኩ። ሁለቱ እኩል ከወረዱ ትነት ነው። ገንዳው ከባልዲው የበለጠ ከወረደ ፍሳሽ አለ፤ እሱን ሳትደፍኑ ወደሚቀጥለው አትለፉ። በእኛ ምሳሌ የ1 ሚሊ ሜትር መውረድ 72 ሊትር ውሃ፣ 49 ኪሎዋት-ሰዓት ማለት ነው። የሞቀ ውሃ የሚያፈስ ገንዳን ማሞቅ በተቀደደ እንስራ ውሃ እንደ መቅዳት ነው።

ደረጃ 2፦ ሽፋኑንና አየሩን አስቀድሙ

ማሽን የሚሸጥላችሁ ሰው ይህን ደረጃ ላይነግራችሁ ይችላል። እኔ ግን በጀቱ ጠባብ ለሆነ ሁሉ የምመክረው ከዚህ እንዲጀምር ነው።

1. ማታ የሚዘረጋ ሽፋን ግዙ። ትነቱን በብዙ ስለሚቀንሰው ገንዳው ሌሊቱን ሙቀቱን ይዞ ያድራል። ኅዳር፣ ታኅሣሥና ጥር ላይ የባሕር ዳር ሌሊት ስለሚቀዘቅዝ በተለይ በእነዚህ ወራት አንድም ማታ አይታለፍ። የሚጠቀለልበት ዘንግ ከሌለው ሠራተኛ ከሁለት ሳምንት በኋላ ማንሣቱ ይሰለቸዋል፤ ዘንጉን አብራችሁ ግዙ።

2. የአዳራሹን አየር ከውሃው ሙቀት በ1 ወይም በ2 ዲግሪ ከፍ አድርጋችሁ ያዙ። ሠራተኞች ሞቀን ብለው አየሩን ወደ 24 ዲግሪ ሲያወርዱት ትነቱ ይጨምራል፣ ዋናተኛውም ከውሃ ሲወጣ ይንቀጠቀጣል።

3. እርጥበቱን ከ50 እስከ 60 በመቶ ጠብቁ። ከዚያ ሲያልፍ ጣሪያው ያልባል። ከ50 በታች ማውረድ ደግሞ ትነትን ይጋብዛል።

4. አየር ማውጫውን ለክረምት ልክ ምረጡ። በበጋ የውጭው አየር ደረቅ ስለሆነ በምሳሌያችን አዳራሽ በሰዓት 900 ሜትር ኪዩብ ገደማ ንጹሕ አየር እርጥበቱን ይጠርጋል። ከሰኔ እስከ መስከረም ግን የሚገባው አየር ራሱ እርጥብ ነውና ለዚያው ሥራ 2,300 ሜትር ኪዩብ ገደማ ያስፈልጋል። በጥር ተለክቶ የተገዛ አየር ማውጫ ሐምሌ ላይ የሚከዳው ለዚህ ነው። የሚወጣው አየር ሙቀቱን ለሚገባው የሚያስተላልፍበትን ሣጥን ከጨመራችሁ የማሞቂያው ወጪ በግማሽ ሊቀንስ ይችላል።

5. በአምራቹ ሠንጠረዥ ላይ ያለውን የአየር ማውጫ ቁጥር አርሙ። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች አየሯ በባሕር ወለል ካለው አየር በ20 በመቶ ያህል ይቀልላል። ስለዚህ ያው መጠን አየር የሚሸከመው ሙቀት ያንሳል። ሞተሩም የሚቀዘቅዘው በዚሁ ስስ አየር በመሆኑ ለ1,800 ሜትር ከፍታ ብቁ መሆኑን በጽሑፍ ጠይቁ።

6. የሚወጣው አየር ከሚገባው ትንሽ እንዲበልጥ አድርጉ። ያለዚያ የክሎሪን ሽታና እርጥበት ወደ መኝታ ክፍሎችና ወደ መተላለፊያዎች ይሄዳል።

ማስጠንቀቂያ፦ ከገንዳ በላይ የተንጠለጠለ ማንኛውንም ነገር በተራ የማይዝግ ብረት አትሰሩ። ከክሎሪን የሚመነጨው ተን ብረቱን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል፣ ከውጭ ግን ብዙም አይታይም። በስዊዘርላንድ ኡስተር ከተማ እ.ኤ.አ. በ1985 የመዋኛ አዳራሽ ጣሪያ ወድቆ 12 ሰዎች የሞቱት በዚህ ምክንያት ነው። ዚንክ የተቀባና በየጊዜው የሚታይ ብረት ተጠቀሙ፤ በዓመት አንድ ጊዜ መሰላል አቁማችሁ እያንዳንዱን ማንጠልጠያ ፈትሹ።

ደረጃ 3፦ መሬቱን ለኩ፣ ፈቃዱን ያዙ

ሙቀቱን ከሦስት ቦታ መውሰድ ይቻላል፦ ከጥልቅ ጉድጓድ በዝግ ቱቦ (ያው ውሃ ወርዶ የመሬቱን ሙቀት ይዞ በሚመለስበት)፣ ከጉድጓድ ውሃ በቀጥታ ወይም ከሐይቁ። ለአብዛኛው የባሕር ዳር ግቢ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ።

*ሐይቁ ለምን አይሆንም?* ታና ጥልቀቱ በአማካይ 8 ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ በከተማው ዳርቻ ደግሞ ከዚያ በጣም ያንሳል። የውሃው ከፍታ በሰኔና በመስከረም መካከል ከ1 ሜትር በላይ ይለዋወጣል፣ ከሰዓት በኋላ የሚነሣው ነፋስ ደለሉን ያናውጣል፣ ደለሉም የተዘረጋ ቱቦን ይቀብራል፤ የአሣ አጥማጆች መረብ፣ ታንኳና ጀልባም አለ። በዚያ ላይ ሐይቁ ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልልነት የተመዘገበ ነው። ለአንድ ገንዳ ብዬ ደንገሉን አልነካም፤ እናንተም አትንኩት።

*አግድም የተቀበረ ቱቦስ?* ግቢያችሁ ጥቁር አፈር ከሆነ ተዉት። ጥቁር አፈር በበጋ ተሰነጣጥቆ ከቱቦው ይላቀቃል፤ በመካከሉ የገባው አየር ሙቀት አያሳልፍም።

*የጉድጓድ ውሃ* የሚሆነው በሰከንድ 1 ሊትር ገደማ ሳያቋርጥ የሚሰጥ ጉድጓድና ውሃውን ወደ መሬት የሚመልስ ሌላ ጉድጓድ ካላችሁ ነው። የተመለሰው ውሃ ከመጀመሪያው ጉድጓድ በበቂ ርቀት ይግባ፤ አለዚያ የቀዘቀዘው ውሃ ተመልሶ ይመጣባችኋል።

ዝግ ቱቦን ከመረጣችሁ እንዲህ ቀጥሉ።

1. ከመቆፈር በፊት የክልሉን የውሃ ቢሮ ጠይቁ። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ውሃ ለመጠቀምና ለመቆፈር ፈቃድን ይጠይቃል። ዝግ ቱቦ ውሃ ባይወስድም ቁፋሮው የከርሰ ምድር ውሃውን ስለሚያልፍ የጽሑፍ መልስ ሳትይዙ ማሽን ወደ ግቢ አታስገቡ።

2. አንድ የሙከራ ጉድጓድ ብቻ አስቆፍሩ። ቆፋሪው በየ2 ሜትሩ የሚወጣውን አፈርና ድንጋይ በላስቲክ ከረጢት አድርጎ ጥልቀቱን ይጻፍበት። በአካባቢው የሚጠበቀው ከላይ ጭቃ፣ ከሥር የእሳተ ገሞራ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ድንጋዩ አንዳንዱ ድፍን፣ አንዳንዱ እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ የበዛበት ይሆናል።

3. ቱቦውን ካስገባችሁና ውሃ ከሞላችሁት በኋላ ቢያንስ ለሦስት ቀን ሳይነካ ይቆይ። ከዚያ በፓምፕ አዙሩትና መጀመሪያ የሚወጣውን ውሃ ሙቀት በየ10 ሰከንዱ መዝግቡ። አማካዩ የመሬታችሁ ሙቀት ነው። ይህ ቁጥር የደረጃ 4 ቁልፍ ነው።

4. ከቻላችሁ በማይለዋወጥ ኃይል ውሃውን ለ48 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ እያሞቃችሁ መሬቱ ሙቀት ምን ያህል እንደሚያሳልፍ አስለኩ። ካልቻላችሁ በጥንቃቄ በአንድ ሜትር የጉድጓድ ጥልቀት ከ40 እስከ 50 ዋት ያዙ።

በምሳሌያችን 20 ኪሎዋት ከሚሰጠው ማሽን 4 ኪሎዋት የሚሆነው ከኤሌክትሪክ፣ 16 ኪሎዋት የሚሆነው ከመሬት ነው። በአንድ ሜትር 50 ዋት ብንይዝ 320 ሜትር፣ ማለትም እያንዳንዱ 80 ሜትር የሆነ አራት ጉድጓድ። በ40 ዋት ቢሆን አምስት ጉድጓድ። በመካከላቸው ከ6 ሜትር ያላነሰ ርቀት ይኑር።

ደረጃ 4፦ ማሽኑን ምረጡ

ከሁሉም በላይ ብዙ ገንዘብ ሲጠፋ ያየሁት እዚህ ላይ ነው። አንድ ጊዜ በተጠራሁበት ግቢ ማሽኑ በተነሣ በሩብ ሰዓት ውስጥ በከፍተኛ ግፊት (በውስጡ የሚዞረው ጋዝ ግፊት ከልክ አልፎ) ይቆም ነበር። ጋዝ ሁለት ጊዜ ተቀይሯል፣ የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳው ተለውጧል። የማሽኑን መመሪያ መጽሐፍ ስገልጥ ከመሬት የሚመጣው ውሃ ከ20 ዲግሪ መብለጥ የለበትም ይላል። የጉድጓዱ ውሃ 22 ነበር። ማሽኑ ለዚያ መሬት አልተሠራም፤ ጥገና የሚያድነውም አልነበረም።

1. ሻጩን መጀመሪያ የምትጠይቁት ይህን ነው፦ ከመሬት በኩል የሚገባው ውሃ ሙቀት ከፍተኛው ስንት ነው? ከለካችሁት ቢያንስ በ5 ዲግሪ የሚበልጥ ካልሆነ አትግዙ። በቀዝቃዛ አገር የሚሸጡ ብዙ ማሽኖች ከ20 ወይም ከ25 ዲግሪ በላይ አይቀበሉም።

2. ማሽኑ ተገዝቶ ከሆነ ከመሬት የሚመጣውን ከሚመለሰው ቀዝቃዛ ውሃ ጋር የሚያደባልቅ ባለ ሦስት መንገድ ቫልቭ አስገቡ። የሚገባው ሙቀት ከተፈቀደው በታች ይወርዳል።

3. አንድ ባለ 20 ኪሎዋት ከመግዛት ሁለት ባለ 10 ኪሎዋት ግዙ። አንዱ ሲበላሽ ገንዳው አይዘጋም፤ መለዋወጫ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ጊዜ ታገኛላችሁ።

4. ውሃውን ወደ 35 ዲግሪ ሲያሞቅ በ1 ኪሎዋት ኤሌክትሪክ ስንት ኪሎዋት ሙቀት እንደሚሰጥ ጠይቁ። በእኛ መሬት 5 አካባቢ መጠበቅ ተገቢ ነው። 3 ብቻ የሚል ከሆነ ሌላ ፈልጉ።

5. ለገላ መታጠቢያ ውሃ በገንዳው ማሽን ላይ አትመኩ። የታንኩ ውሃ ለብ ብሎ ሲቆም ሳንባን የሚያጠቃ ሌጂዮኔላ የተባለ ባክቴሪያ ይራባበታል፤ ታንኩ 60 ዲግሪ መድረስ አለበት። ፓምፑ እስከ 45 ዲግሪ ያሙቅ፤ ቀሪውን የባሕር ዳር ፀሐይ ወይም የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ይጨርሰው።

ደረጃ 5፦ ቁፋሮና ቱቦ

1. የላይኛው ጭቃ እንዳይደረመስ ጊዜያዊ የብረት መያዣ እስከ ድንጋዩ ድረስ ይግባ።

2. ቱቦው ፖሊኢትሊን (ፕላስቲክ)፣ ፒኢ 100 (የፕላስቲኩ ጥንካሬ ደረጃ)፣ ኤስዲአር 11 (የውጭ ስፋቱ የግድግዳው ውፍረት 11 እጥፍ)፣ 32 ወይም 40 ሚሊ ሜትር ይሁን። ታችኛው መታጠፊያ በፋብሪካ የተበየደ ይሁን። ከመሬት በታች በሙቀት የተበየደ መገጣጠሚያ ብቻ ይፈቀዳል፤ በብሎን የሚጠብቅ መገጣጠሚያ አትቅበሩ።

3. ከማስገባታችሁ በፊት ቱቦውን በውሃ ሞልታችሁ በግፊት ፈትኑት፤ ሲገባም በውሃ እንደተሞላና ግፊት እንደያዘ ይግባ። ባዶ ቱቦ በውሃ የተሞላ ጉድጓድ ውስጥ ይንሳፈፋል፤ የሚፈስበትም ጭቃ ሊያጣምመው ይችላል።

4. በቱቦውና በጉድጓዱ ግድግዳ መካከል ያለውን ክፍተት በቤንቶናይት (ውሃ ሲነካው የሚያብጥ የሸክላ አፈር) እና በሲሚንቶ ድብልቅ ሙሉ። አሸዋ ከተጨመረበት ሙቀት የተሻለ ያሳልፋል። ድብልቁ እስከ ጉድጓዱ ታች በወረደ ሦስተኛ ቱቦ ከታች ወደ ላይ ይገፋ። ከላይ በአካፋ መጣል ክልክል ነው፤ በመካከል ባዶ ቦታ ይቀራል፣ የላይኛው ቆሻሻ ውሃም ወደ ከርሰ ምድር ውሃ የሚወርድበት መንገድ ይከፈታል።

5. 150 ሚሊ ሜትር ስፋትና 80 ሜትር ጥልቀት ላለው ጉድጓድ 1.3 ሜትር ኪዩብ ገደማ ድብልቅ ያስፈልጋል። የባሕር ዳር ስንጥቅ ድንጋይ ግን ይጠጣል። እጥፉን አዘጋጁ።

*ድብልቁ ሲጠፋ፦* የሞላችሁት እያሽቆለቆለ ከሄደ አትግፉ። ቁሙ፣ እስኪጠነክር እደሩ፣ በማግስቱ ከቆመበት ቀጥሉ። ስንጥቁ ሰፊ ከሆነ በዚያ ጥልቀት ላይ ንጹሕ ጠጠር ጣሉና ከላዩ ቀጥሉ።

6. በየጉድጓዱ ቱቦ ላይ የታተመውን ቁጥር፣ ቦታውንና ጥልቀቱን በካርታ ላይ አስፍሩ። ከአምስት ዓመት በኋላ አጥር የሚሠራ ሰው የሚያድነው ይህ ወረቀት ነው።

ደረጃ 6፦ አየሩን ከቱቦው አስወጡ

ይህን ደረጃ የማይዘሉ ጥቂት ናቸው። በቱቦ ውስጥ የቀረ አየር ውሃውን ያቆመዋል፣ የፓምፑን ሕይወት ያሳጥራል፣ ማሽኑን ያስጮኸዋል። በሥራ ላይ የሚውለው ትንሽ ፓምፕ አየሩን ሊገፋው አይችልም፤ ስለዚህ ለአንድ ቀን ትልቅ ፓምፕ ተከራዩ።

1. አራቱን ጉድጓዶች በየራሳቸው ቫልቭ ዝጉና አንድ በአንድ እጠቡ።

2. ውሃው ቢያንስ በሰከንድ 0.6 ሜትር ይፍጠን። ለ32 ሚሊ ሜትር ቱቦ ይህ በደቂቃ 19 ሊትር፣ ለ40 ሚሊ ሜትር 30 ሊትር ነው።

3. የሚመለሰውን ውሃ በክፍት በርሜል ተቀበሉ። አረፋው ካቆመ በኋላ ሌላ ሩብ ሰዓት አዙሩ።

4. የሚመለሰውን ቫልቭ ቀስ ብላችሁ ዝጉ። በበርሜሉ ያለው ውሃ ከተለመደው በላይ ከወረደ አየር ገና አለ፤ ድገሙ።

በቱቦው የሚቀመጠው ውሃ ንጹሕ ውሃና ዝገት መከላከያ ብቻ ይሁን። ከውጭ የመጣው መመሪያ ፀረ-በረዶ ኬሚካል ጨምሩ ይላል። የእኛ መሬት 20 ዲግሪ ስለሆነ አያስፈልግም፤ ቢፈስ የከርሰ ምድሩን ውሃ ይበክላል፣ ለመግፋትም ይከብዳል። በምትኩ ውሃው ሲቆም ኮምፕረሰሩን (በማሽኑ ውስጥ ጋዙን የሚጨምቀውን ክፍል) ወዲያው የሚያጠፋ የፍሰት መቆጣጠሪያ ግድ ነው። እሱ ከሌለ በማሽኑ ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ሠርቶ ብረቱን ያፈነዳዋል።

ደረጃ 7፦ ከገንዳው ጋር አገናኙ

1. የገንዳ ውሃ በማሽኑ ውስጥ በቀጥታ አይለፍ። በመካከል ከታይታኒየም የተሠራ የሙቀት ማስተላለፊያ አስገቡ። ክሎሪን መዳብን ይበላል፣ ተራ የማይዝግ ብረትንም ይቦረቡራል።

2. የማስተላለፊያውን መጠን በ35 ዲግሪ ውሃ አስሉ። በሠንጠረዡ ላይ «20 ኪሎዋት» የተባለው ብዙ ጊዜ ለ80 ዲግሪ የቦይለር ውሃ ነው። ያንኑ ዕቃ በ35 ዲግሪ ብታሠሩት የሚሰጠው የዚያን አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ነው። ማሽኑ ሳይበላሽ ገንዳው የማይሞቅባቸው ግቢዎች መጀመሪያ መመርመር ያለባቸው ይህን ነው።

3. ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ፓምፕ፣ ማጣሪያ፣ የሙቀት ማስተላለፊያ፣ የማይመልስ ቫልቭ፣ ከዚያ ክሎሪንና አሲድ የሚገቡበት ነጥብ። ክሎሪኑ ከማስተላለፊያው በፊት ከገባ ያልተቀጠነ ኬሚካል ያርፍበታል።

4. የገንዳው ፓምፕ ሲቆም የክሎሪን መጨመሪያውም አብሮ እንዲቆም አገናኙ።

5. ክሎሪንና አሲድ ከማሽኑ በተለየ ክፍል፣ እርስ በርሳቸውም በተለየ ክፍል ይቀመጡ። ሁለቱ ሲገናኙ የሚወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል።

6. የማጣሪያውን ማጠቢያ ውሃ ወደ ሐይቁ ወይም ወደ ሐይቁ ወደሚሄድ ቦይ አትልቀቁ።

ደረጃ 8፦ ኤሌክትሪክ

ባለ ሦስት ፌዝ ማሽን ከሆነ አንዱ ፌዝ ሲጠፋ፣ ሲገለበጥ ወይም ቮልቴጁ ሲወርድ የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ አስገቡ። ኮምፕረሰሩ ሲነሣ ብዙ ኃይል እንዳይስብ ቀስ ብሎ የሚያስነሣ ዕቃ ይኑረው። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ማሽኑ ከ5 ደቂቃ በፊት እንዳይነሣ፣ ሁለቱ ማሽኖችም በአንድ ጊዜ እንዳይነሡ አድርጉ። ጄኔሬተሩ ሁሉንም መሸከም አያስፈልገውም፤ የገንዳው ፓምፕ፣ አየር ማውጫውና መብራቱ ይቅደሙ። ሽፋን ያለው ገንዳ በጥቂት ሰዓት አይቀዘቅዝም። ለሙቀት ፓምፑ የራሱ ቆጣሪ ይደረግለት፤ ያለ እሱ ትርፉንም ብልሽቱንም አታውቁትም። በገንዳ ዙሪያ ያለው ብረት ሁሉ በአንድ የመሬት ሽቦ ይያያዝ፤ ይህን የሚፈርምበት ብቁ ኤሌክትሪሻን ይሁን።

ደረጃ 9፦ አስነሡ

1. መጀመሪያ ውሃውን አስተካክሉ፦ ፒኤች (የአሲድነት ልክ) ከ7.2 እስከ 7.6፣ ነፃ ክሎሪን በሊትር ከ1 እስከ 3 ሚሊ ግራም።

2. ማሽኑ ሳይነሣ የሁለቱንም ወገን ፓምፖች ለአንድ ሰዓት አዙሩ። በመሬት በኩል በምሳሌያችን በደቂቃ 57 ሊትር ገደማ መሆኑን አረጋግጡ።

3. አንዱን ማሽን አስነሡ፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ሁለተኛውን። ከመሬት የሚገባውና የሚወጣው ውሃ ልዩነት ከ3 እስከ 5 ዲግሪ መሆን አለበት።

4. አትቸኩሉ። 20 ኪሎዋት ይህን ገንዳ በሰዓት ከ0.2 ዲግሪ በታች ነው የሚያሞቀው፤ ሽፋኑ ተዘርግቶ ወደ 28 ለመድረስ ሦስት ቀን ገደማ ይወስዳል። ለንጣፉና ለኮንክሪቱም ይህ ዝግታ ይበጃል። ለምርቃት የተጠሩ እንግዶች ካሉ ከአንድ ሳምንት በፊት ጀምሩ።

ሲበላሽ ምን ታደርጋላችሁ?

*ማሽኑ በከፍተኛ ግፊት ይቆማል።* የገንዳውን ማጣሪያ እጠቡ፤ ፍሰቱን ፈትሹ፤ ማስተላለፊያው ትንሽ መሆኑን አስሉ፤ ከመሬት የሚገባው ሙቀት ከተፈቀደው አለመብለጡን እዩ። ጋዝ መጨመር የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው እርምጃ አይሁን።

*በዝቅተኛ ግፊት ይቆማል።* የመሬቱ ወገን ውሃ ቆሟል ወይም አየር አለው። ልዩነቱ ከ6 ዲግሪ በላይ ከሆነ ፍሰቱ አንሷል። ወደ ደረጃ 6 ተመለሱ።

*ማሽኑ ይሠራል፣ ውሃው አይሞቅም።* ማታ ሽፋኑ መዘርጋቱን በዓይናችሁ አረጋግጡ። ከዚያ የባልዲውን ፈተና ድገሙ። ከዚያ ማስተላለፊያውን።

*ጣሪያው ያልባል።* የአየር ማውጫውን ማጣሪያ አጽዱ፣ የአዳራሹን ሙቀት ከውሃው በላይ አድርጉ። በአንድ ቦታ ብቻ የሚያልብ ከሆነ በዚያ በኩል የእርጥበት መከላከያ ላስቲኩ ተቀድዷል፤ ላስቲኩ መኖር ያለበት በሞቃቱ የውስጥ ወገን ነው።

*ዓይን የሚያቃጥል ሽታ አለ።* ሠራተኛው ክሎሪን በዝቷል ብሎ ይቀንሳል፤ ብዙ ጊዜ ግን ሽታው የሚመጣው ክሎሪን ከላብና ከሽንት ጋር ሲዋሐድ ነው። አዲስ ውሃ አስገቡ፣ ንጹሕ አየር ጨምሩ፣ ዋናተኞች ሳይታጠቡ እንዳይገቡ አድርጉ።

*ከመሬት የሚመጣው ሙቀት ከዓመት ዓመት ይወርዳል።* ከመሬቱ የምትወስዱት ከሚመለሰው በልጧል። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ሙቀቱ ሲበረታ የስብሰባ አዳራሹን ወይም የመኝታ ክፍሎቹን በዚሁ ቱቦ አቀዝቅዙ። ከክፍሎቹ የወጣው ሙቀት ወደ መሬት ይመለሳል፣ በታኅሣሥም ታገኙታላችሁ።

የመጀመሪያው ዓመት መዝገብ

በማሽኑ ክፍል ግድግዳ ላይ አንድ ደብተር በገመድ እሰሩ። ተረኛው በየቀኑ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ፣ ሽፋኑን ከማንሣቱ በፊት፣ እነዚህን ይጻፍ፦ የገንዳው ሙቀት፣ ከመሬት የሚገባውና የሚወጣው ውሃ ሙቀት፣ የሁለቱ ወገን ግፊት፣ የቆጣሪው ንባብ፣ የአዳራሹ እርጥበት፣ የተጨመረው ውሃ ሊትር። ከጎኑ የተረኛው ስም ይኑር። ለጥገና ስትጠሩኝ መጀመሪያ የምጠይቃችሁ ይህን ደብተር ነው።